ሳይታዩ ደርሶ መመለስ

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ተዋጊ ጄት ሳበርር የሚያዩኝ ሰዎች ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው። «አዲሱ እያለ ለምን ይሄ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የዛሬዎቹ የበረራ ሲሙሌተሮች፣ ማለትም በረራን የሚያስመስሉ ጌሞች፣ ደመናውን ደመና፣ ባሕሩን ባሕር አስመስለው ያመጡታል። የእኔው ግን ተራራን በሦስት ማዕዘን፣ ከተማን በግራጫ ሣጥን ነው የሚያሳየኝ። ሲጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ባጭሩ መልሼ አልፋለሁ። ዛሬ ግን በደንብ ልጻፈው፤ ከልቤ የምወደው ነገር ነውና።

ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ምሽት ተጫውቼ በተውኩት ነበር። ትዝታ ቶሎ ይጠገባል። እኔን የያዘኝ ጨዋታው ራሱ ነው፤ ጦርነትን የሚያይበት ዓይን።

ስሙ «ኤፍ-19 ስቴልዝ ፋይተር» ይባላል፤ ከራዳር የሚሰወር ተዋጊ ማለት ነው። ማይክሮፕሮዝ የሚባል ኩባንያ በ1988 ለፒሲ አወጣው። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ብላችሁ አንብቡልኝ።) ከሠሪዎቹ መካከል ሲድ ማየርና አንዲ ሆሊስ አሉበት። የምጫወተው ዶስ በሚባለው የድሮ የኮምፒውተር ሥርዓት በሚነሳ አሮጌ ማሽን፣ ጀርባው ሰፊ በሆነው በድሮው ሞኒተር ላይ ነው። ሌሎች ሲሙሌተሮችም አሉኝ። የምመለሰው ግን ወደዚህ ነው።

የኩባንያው አመሠራረት ራሱ ደስ ይላል። ቢል ስቴሊ የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ የነበረ ሰው ነው። ሲድ ማየር ደግሞ ፕሮግራመር። ሁለቱ ላስ ቬጋስ ውስጥ «ሬድ ባሮን» በሚባል የአታሪ መጫወቻ ማሽን ላይ ይገጥማሉ። አብራሪው በፕሮግራመሩ ይሸነፋል። ማየር የጠላት አውሮፕላኖቹ እንቅስቃሴ እንደሚደጋገም ልብ ብሎ ነበርና። ከዚህ የተሻለ እኔ እሠራለሁም አለ። ስቴሊ ሥራውና እኔ እሸጠዋለሁ አለው። በ1982 ኩባንያውን አቋቋሙ። ኤፍ-19ን ስጫወት የሁለቱም እጅ ይታየኛል። የአብራሪው ዲሲፕሊን አለበት። የጠላትን አካሄድ አጥንቶ ክፍተቱን የሚፈልገው ሰው ብልሃትም አለበት።

ወደ ነገሬ ልግባ። በአብዛኞቹ የጦር ጄት ጌሞች ውስጥ የሚቆጠርላችሁ የመታችሁት ነው። ብዙ ከመታችሁ ጎበዝ ናችሁ። ኤፍ-19 ላይ ተልዕኮ ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ምርጫ ይቀርብላችኋል፤ ቀዝቃዛ ጦርነት፣ ውስን ጦርነት ወይስ የለየለት ጦርነት? ቀዝቃዛውን ከመረጣችሁ አገሮቹ ገና አልተዋጉም። አንድ አውሮፕላን ድንበር ጥሶ መግባቱ ራሱ መታወቅ የለበትም። ስለዚህ ጥሩ አብራሪ ማለት ማንም ሳያየው ደርሶ የተመለሰ ነው። መንገዱ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሲመታ የመጣ አብራሪ፣ በሕይወት ቢመለስ እንኳ ሥራውን አበላሽቷል።

ይሄን ሁሉ የምትሸከመው አንዲት ጠባብ መለኪያ ናት። ኮክፒቱ (የአብራሪው መቀመጫ ክፍል) ውስጥ፣ ከብዙ ቁጥሮችና መስኮቶች መሀል ናት። ከአንደኛው ጫፍ የሚነሳው መስመር «አሁን ለራዳር ምን ያህል ጎልቼ እታያለሁ?» የሚለውን ይመልሳል። ከሌላኛው ጫፍ የሚመጣው የጠላት ራዳር ምልክት እኔ ያለሁበት ምን ያህል በርትቶ እንደደረሰ ይናገራል። ሁለቱ ከተገናኙ ታይቻለሁ። ካልተገናኙ የለሁም። በቃ።

ቀላል ትመስላለች። ስትጫወቱት ግን የአውሮፕላናችሁ እንቅስቃሴ ሁሉ በእሷ ይገዛል። ከፍ ካልኩ መስመሬ ያድጋል። ኃይለኛ ጥምዘዛ ካደረግኩ ያድጋል። ጎማ ካወረድኩ ያድጋል። የቦምቡን ክፍል በር ስከፍት ደግሞ ብድግ ይላል። እያንዳንዱ ነገር ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ወዲያው ዓይናችሁ ሥር ይጻፋል።

አንድ በረራ ላሳያችሁ። ሁለት ራዳሮች አሉ፤ አንዱ ከፊቴ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። መሀላቸው ማለፍ አለብኝ። የፊተኛው ምት እየላከ የሚመለሰውን የሚያዳምጥ ተራ ራዳር ነው። ለእሱ የሚሻለው አፍንጫን ማሳየት ነው፤ ከፊት ስትታዩ ቀጭን ናችሁና። የቀኙ ግን ዶፕለር ነው። ዶፕለር ራዳር የሚለየው እንቅስቃሴን ነው፤ ወደ እሱ የሚቀርብን ወይም ከእሱ የሚርቅን ነገር። በጎኑ አቋርጦ የሚያልፍ አውሮፕላን የመቅረብም የመራቅም ፍጥነት የለውም፤ ከመሬቱ ጋር ይቀላቀልበታል። ስለዚህ ለአንዱ ፊቴን፣ ለሌላው ጎኔን መስጠት አለብኝ። አንዳንዴ ካርታው ይተባበራል፣ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይሳካሉ። አንዳንዴ አይተባበርም። ያኔ የትኛው ይበልጥ ይጎዳኛል ብዬ እመርጣለሁ፤ ምርጫዬንም መለኪያዋ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የቀኙ ምልክት ይመጣል፣ ይቀርባል፣ ከመስመሬ ጫፍ ትንሽ ሲቀረው ይመለሳል። እንደገና ይመጣል። ራዳሩ ዞሮ እስኪመለስ ባለችው ጊዜ አቅጣጫ አስተካክላለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ክንፌን ብዙም ሳላዘነብል።

ዒላማው ጋ ስደርስ ትልቁ ፈተና በሩ ነው። መሣሪያው የተቀመጠው አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ፣ አራት ክፍሎች ውስጥ ነው። ውጭ ቢንጠለጠል ለራዳር ይጋለጥ ነበር። ለመልቀቅ በሩን መክፈት ግድ ነው። ቀድሜ ከከፈትኩ እታያለሁ። ከዘገየሁ ዒላማው ያልፈኛል። ስለዚህ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። እከፍታለሁ፤ መስመሩ ወደ ላይ ይዘላል። እለቃለሁ። እዘጋለሁ፤ መስመሩ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ጥቂት ሰከንድ ነው። እጄ ግን ኪቦርዱ ላይ ያልበዋል።

ፊዚክሱ የተፈጠረ አይደለም። ራዳር በአየር ውስጥ የሚያየው ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ነው፤ ምድር ደግሞ ክብ ናት። አንቴናው 10 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ 60 ሜትር ላይ ዝቅ ብሎ የሚመጣ አውሮፕላን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪቀርብ ድረስ ከአድማስ በታች ነው። ያው አውሮፕላን 3,000 ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ከ230 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ይታይ ነበር። ዝቅ ብሎ መብረር ስለዚህ ነው። ሌላም አለ። ራዳር የሚደርስበት ርቀት የሚቀንሰው በጣም ቀስ ብሎ ነው። የሚመለሰውን ምልክት 16 ጊዜ ብታሳንሱት፣ የመታያችሁ ርቀት የሚያጥረው በግማሽ ብቻ ነው። ከራዳር መሰወር ለምን ያን ያህል አድካሚ ሥራ እንደሆነ ይህቺ ቁጥር ትነግራችኋለች። መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ካላሳነሱ ጥቅሙ አይሰማም።

ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። ከጨዋታው ጋር የሚመጣው ወፍራም መጽሐፍ ነው ያስተማረኝ። ስለ ራዳር ዓይነቶች፣ ስለ ሚሳኤሎች፣ ስለ ስልት፣ በየቀጠናው ስላለው ሁኔታ በሰፊው ይተነትናል። እስከዛሬ ድረስ አጠገቤ አስቀምጬ ነው የምጫወተው። ጨዋታው ሲጀምር ራሱ የአውሮፕላን ምስል ያሳይና ስሙን ይጠይቃል። ዓላማው ኮፒ አድርገው የሚጫወቱትን ለመከላከል ነበር፤ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ነውና። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ከጊዜ በኋላ መጽሐፉን መግለጥ ተውኩ። ሚግ-29ንና ሱ-27ን የሚባሉትን የሶቪየት ተዋጊ ጄቶች ከርቀት መለየት የቻልኩት ከዚያ በር ላይ ካለ ፈተና ነው።

አሁን ስለ ማሽኑ ላውራ፤ ምክንያቱም መለኪያዋና ማሽኑ አይነጣጠሉም።

የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር 8088 ይባላል፤ ሥራውን የሚመራው የውስጥ ሰዓት በሰከንድ 4.77 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ሲሰሙት ብዙ ነው። ስክሪኑ 320 በ200 ነጥብ ሲሆን በጠቅላላው 64,000 ነጥብ አለው። በሰከንድ አሥር ምስል ለማሳየት 640,000 ነጥብ መቀባት ያስፈልጋል። ለአንድ ነጥብ የሚደርሰው ሰባት ምት ገደማ ነው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ እቀባለሁ ብትሉ፣ መቀባቱ ብቻ ሙሉውን ማሽን ይጨርሰዋል። ክንፍ የሚያነሳውን ኃይል የሚያሰላ ማነው? ሚሳኤሉን የሚያስኬድስ? ራዳሩንስ? የአስርዮሽ ቁጥር በፍጥነት የሚያሰላው ቺፕ ለብቻው የሚገዛ ነበር፤ አብዛኛው ሰው አልነበረውም። ስለዚህ የዘመኑ ፕሮግራመሮች ሁሉንም በሙሉ ቁጥር ያሰላሉ። የማዕዘን ስሌቱን አስቀድመው ሠርተው በሠንጠረዥ ያስቀምጣሉ፤ በበረራ ሰዓት ማሽኑ አይቶ ብቻ ይወስዳል። የራቀውን ነገር መጀመሪያ ይስላሉ፣ የቀረበውን ከላዩ ላይ ይደርቡበታል። ተራራው ሦስት ማዕዘን የሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን አቅም ይዞ ጦርነት ለመሥራት የተቀመጠ ሰው ምርጫ ውስጥ ይገባል። ሁሉን ማሳየት አይችልም። የቱን ያሳይ? እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚሄደው። የኤፍ-19 ሠሪዎች ሊሠሩት የመረጡት ነገር ዋናው ክፍሉ በዓይን የማይታይ ነው። የራዳር ጨረር ቀለም የለውም፤ መልክ የለውም። እሱን ለማሳየት የሚያምር ሥዕል አያስፈልግም፤ አንድ መስመር ይበቃዋል። ደካማው ማሽን ከዚህ ጦርነት ላይ የሚያስቀረው ነገር ትንሽ ነው። እውነተኛው አብራሪም ቢሆን ራዳሩን አያየውም፤ የሚያየው መሣሪያው የሚነግረውን ነው። በዚህ በኩል እኔና እሱ አንድ ዓይነት ነገር ላይ ነው ያፈጠጥነው። በአዲሶቹ ሲሙሌተሮች ላይ ዓይኔ ወደ ውጭ ይሸሻል። ፀሐይዋ ታምራለች፣ ወንዙ ያበራል። ማየት እወዳለሁ፤ አልዋሽም። ነገር ግን አያለሁ እንጂ አላስብም። አሮጌው ላይ የማየው ስለሌለ አስባለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር የሚደንቀኝ።

በሰማንያዎቹ ውስጥ የአሜሪካ አየር ኃይል ከራዳር የሚሰወር አውሮፕላን በድብቅ እንደሠራ ይወራ ነበር። ለተዋጊዎቹ የሚሰጠው የስም ቁጥር ከኤፍ-18 ወደ ኤፍ-20 ስለዘለለ፣ የጎደለው 19 የእሱ ነው ተባለ። ያየው ሰው ግን የለም። ሁሉም ገመተ። በ1986 አንድ የሞዴል አምራች ኤፍ-19 ብሎ የፕላስቲክ አውሮፕላን ለገበያ አቀረበ፤ ለስላሳ፣ ጠርዙ ሁሉ ክብ ክብ ያለ። ሰው የሚሰወር አውሮፕላን ሲያስብ የሚመጣለት ይህ ነበር። የጨዋታው ስምም የመጣው ከዚሁ ግምት ነው።

ኅዳር 1988 ላይ፣ ጨዋታው በወጣበት ዓመት ማለት ነው፣ አየር ኃይሉ አንዲት ደብዘዝ ያለች ፎቶ አወጣ። አውሮፕላኑ በእርግጥ አለ። ስሙ ግን ኤፍ-117 ነው። መልኩም ማንም ያልገመተው ነው፤ አንድም ክብ ነገር የለበትም። ከጠፍጣፋ ፊቶች የተገጣጠመ፣ ሁሉ ነገሩ ማዕዘን የሆነ።

ለምን ጠፍጣፋ ሆነ? ፒዮትር ኡፊምትሴቭ የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት በ1962 ባሳተመው ሥራ የራዳር ሞገድ ከጠርዞች ላይ እንዴት እንደሚበተን የሚሰላበትን መንገድ አሳይቶ ነበር። ሥራው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የአውሮፕላን አምራቹ የሎክሂድ ባለሙያዎች እጅ ገባ። ዴኒስ ኦቨርሆልሰር የተባለው ባለሙያ ከዚያ ተነስቶ የአንድ ቅርጽ የራዳር ነጸብራቅ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሰላ ፕሮግራም አዘጋጀ። ችግሩ የሰባዎቹ ኮምፒውተሮች ናቸው። ክብ ገጽን ማስላት አልቻሉም። ጠፍጣፋ ፊቶችን ግን ቻሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ኮምፒውተሩ በሚችለው ቅርጽ ተሠራ። የመጀመሪያው የሙከራ አውሮፕላን «ሃቭ ብሉ» በ1977 መጨረሻ ላይ በረረ። ኤፍ-117 ራሱ በ1981።

አስቡት እንግዲህ። የቤት ኮምፒውተሩ አቅም ስላነሰው ክብ የተባለውን አውሮፕላን በጠፍጣፋ ፊቶች ሳለው። እውነተኛው አውሮፕላንም የሠሪዎቹ ኮምፒውተር አቅም ስላነሰው በጠፍጣፋ ፊቶች ተሠራ። ሁለቱ ወገኖች አይተዋወቁም፤ ያሰሩት ገደብ ግን አንድ ነው። በዚያው ወር፣ ከኤፍ-117 ፎቶ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቢ-2 የተባለው ቦምብ ጣይ ለሕዝብ ቀረበ። እሱ ገጹ ለስላሳ፣ ክብ ክብ ያለ ነው። እስከዚያ ኮምፒውተሮች ጎልምሰው ነበር።

ማይክሮፕሮዝም በ1991 እውነተኛውን ቅርጽ ይዞ «ኤፍ-117ኤ» ብሎ ተከታዩን አወጣ። ጥሩ ጨዋታ ነው። እኔ ግን በግምት የተሠራውን እመርጣለሁ። ያልታየ ነገርን አስቦ ለመሥራት መድፈር ያለበት እሱ ላይ ነው። ደግሞም ስለ መልኩ ተሳስተው ስለ ኑሮው አልተሳሳቱም። መጋቢት 27 ቀን 1999 ሰርቢያ ላይ አንድ ኤፍ-117 ተመቶ ወደቀ። የመታው ኤስ-125 የሚባል፣ የስድሳዎቹ ዘመን ንድፍ የሆነ ሚሳኤል ነው። አብራሪው ዘሎ ተረፈ። ዓለም «የማይታየው ታየ» ብሎ ተገረመ። ከዓመታት በፊት የወጣው ጨዋታ ላይ ግን የእኔ መስመር ባዶ ሆና አታውቅም። ዝቅ ትላለች እንጂ አትጠፋም። አለመታየት የሚሰጥ ስጦታ አይደለም፤ በየደቂቃው የሚጠበቅ ነገር ነው። ያቺ መለኪያ ይህን ታውቅ ነበር።

የአሮጌ ኮምፒውተር አድካሚ ጎኑም አለ። ጆይስቲኩን፣ የማብረሪያውን ዱላ፣ ልንገራችሁ። ውስጡ ዱላው ሲንቀሳቀስ መጠኑ የሚለዋወጥ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ዕቃ) አለ። ኮምፒውተሩ የዱላውን ቦታ በቀጥታ አያውቅም። አንዲት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ) ሞልታ እስክትጨርስ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ከበዛ ዱላው ወዲያ ነው፣ ካነሰ ወዲህ። ቆጠራው ደግሞ በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይለያያል። ስለዚህ በየጊዜው ዱላውን ወደ ጥግ ወስዶ፣ መሀል አቁሞ ማስተማር ያስፈልጋል። ዕቃው ሲሞቅ ወይም ሲያረጅ መሀሉ ይንሸራተታል፤ ሳትነኩት አውሮፕላኑ ወደ ግራ ማዘንበል ይጀምራል። ጉዞ መሀል ላይ እንዲህ ሲሆን በሌላ ጨዋታ ያበሳጨኝ ነበር። እዚህ ግን ያንን እየተከላከሉ ቀጥ ብሎ መሄድ የሥራው አካል መስሎ ይሰማኛል።

ሜሞሪውም የራሱ ጣጣ አለው። ዶስ ፕሮግራም የሚያስኬድባት ዋናዋ ቦታ 640 ኪሎባይት ናት። «ፋልከን 3.0» የሚባለው የ1991 ሲሙሌተር ከዚያች ውስጥ አብዛኛዋን ባዶ እንድታደርጉለት ይፈልጋል። የማውሱን ድራይቨር (ማውሱን የሚያሠራውን ትንሽ ፕሮግራም) ከዚያች ቦታ ውጭ ወዳለው ሜሞሪ ታዛውራላችሁ፣ አንዱን ታጠፋላችሁ፣ ሌላውን ታሳንሳላችሁ፣ ሪስታርት፣ እንደገና። ምርጡን የበረራ ሞዴሉን ለማስኬድ ደግሞ ያ ለብቻው የሚገዛው የሂሳብ ቺፕ ያስፈልግ ነበር። ፋልከንን አከብረዋለሁ። ተከታዩ ፋልከን 4.0 በ1998 ወጥቶ፣ ኮዱ በ2000 ሾልኮ ከወጣ በኋላ አፍቃሪዎቹ እስካሁን እያሻሻሉት ነው። አውሮፕላን ከአውሮፕላን ጋር ተጠጋግቶ ለሚዋጋበት ውጊያ ከፈለጋችሁ ደግሞ የ1990ው «ሬድ ባሮን» (ከመጫወቻ ማሽኑ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት) እና የ1991ዱ «ቸክ ዬገርስ ኤር ኮምባት» አሉ። እነሱ ላይ የሚማሩት ሌላ ነገር ነው፤ ከፍታ የተጠራቀመ ፍጥነት መሆኑን። ወርዳችሁ ፍጥነት ታገኛላችሁ፣ ወጥታችሁ ትከፍላላችሁ። ሁለቱንም የጨረሰ ይመታል። ጆን ቦይድ የተባለው አብራሪ በስድሳዎቹ ይህንን በሂሳብ ቀምሮ አውሮፕላኖችን ማወዳደሪያ አድርጎታል። ኤፍ-19 ላይ ግን ወደ እንዲህ ያለ ግብግብ ከገባችሁ ነገሩ ቀድሞውኑ ተበላሽቷል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከጨዋታው የውጊያ ቀጠናዎች አንዱ ሊቢያ ነው። ሌሎቹ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ ሰሜናዊው ኖርዌይ አካባቢና መካከለኛው አውሮፓ ናቸው። ካርታው ላይ ያሉት ስሞች እውነተኛ ስሞች ናቸው። ሚያዝያ 15 ቀን 1986 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ትሪፖሊንና ቤንጋዚን በቦምብ ደብድበዋል። ሰው ሞቷል፤ ወታደር ያልሆነ ሰውም ሞቷል። ጨዋታው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው የወጣው። እኔ ስክሪን ላይ የማየው አራት ማዕዘን ግራጫ ሕንፃ ነው። ሰው የለበትም። በዚህ ጊዜ ደካማው ማሽን ያስቀረው ነገር ትንሽ አይደለም። ከላይ ማሽኑ የሚያስቀረው ትንሽ ነው ብያለሁ፤ ይህ የሚሠራው ለአብራሪው ነው። መሬት ላይ ላለው አይሠራም። ይህን እያወቅኩ መጫወት እፈልጋለሁ፤ ረስቼ መጫወት አልፈልግም።

ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ከተልዕኮዎቹ ሁሉ የፎቶውን የምወደው። አንዳንዴ የሚሰጣችሁ ትእዛዝ ምንም እንድትመቱ አይደለም። ሂዱ፣ አንድ ቦታ ፎቶ አንሡ፣ ተመለሱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጠላት መሬት ውስጥ ያለ ድብቅ ማረፊያ ላይ አርፋችሁ ዕቃ አድርሳችሁ ትነሳላችሁ። ያኔ ጉዞው ሁሉ ያቺ መለኪያ ብቻ ይሆናል። ሚሳኤሎቹ አብረውኝ ሄደው አብረውኝ ይመለሳሉ። ማረፍም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ነዳጅ ሲያንስ፣ የማረፊያው መስመር ከሩቅ እንደ ክር ቀጥኖ ሲታይ፣ ከፍታና ፍጥነት አብረው መውረድ ሲኖርባቸው፣ ከውጊያው የበለጠ ልቤ የሚመታበት ጊዜ አለ።

ስታርፉ ጨዋታው የሄዳችሁበትን መንገድ ካርታ ላይ መልሶ ይስላል። የት እንደዞራችሁ፣ የት ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ያሳያችኋል። እኔ እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ። እዚህ ጋ ለምን ወደ ቀኝ ሄድኩ? እዚህ ጋ ትንሽ ብጠብቅስ ኖሮ? የጥሩ መምህር ግምገማ ይመስለኛል፤ አይቆጣም፣ አያሞካሽም፣ ያደረጋችሁትን ያሳያል። አብራሪያችሁ ከሞተ ደግሞ ስም ዝርዝሩ ላይ ስሙ አጠገብ ይጻፋል። በአዲስ ስም መጀመር አለባችሁ። ያንን ዝርዝር አላጠፋውም።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምለውን ልበልና ላብቃ። አሮጌው ማሽን ከሌላችሁ ዶስቦክስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም አሁን ባላችሁ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ይቻላል። ፍጥነቱን ግን ቀንሱለት። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ጌሞች ጊዜያቸውን ከፕሮሰሰሩ ጋር አያይዘው ስለሠሩ በፈጣን ማሽን ላይ ይሮጣሉ፤ የድሮ ኮምፒውተሮች ላይ «ቱርቦ» የሚል ቁልፍ የነበረው ፍጥነቱን ዝቅ ለማድረግም ነው። መጽሐፉን ፈልጉ፤ በፋይል ይገኛል፤ ስለ ራዳር የሚለውን ክፍል ሳታነቡ አትነሱ። ሊቢያን ምረጡ፤ ከአራቱ ቀላሉ እሱ ነው። የጠላትን ደረጃ ጀማሪ አድርጉት። ማረፊያውን ግን «ቀላል» ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ እንጂ የማይከሰከሰውን አትምረጡ፤ መሬት እንደምትገድል ካላወቃችሁ ዝቅ ብሎ መብረር ትርጉም አይኖረውም። ከዚያ ቀዝቃዛ ጦርነት። የፎቶ ተልዕኮ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።